የውኃ ልክ

ኮርዶባ ተኝታለች፤ ማቀዝቀዣው ብቻ ያንኮራፋል፣
የዶክተር ኢርማ ነጭ ካፖርት ከወንበሯ ላይ ተርፏል።
ከፊቴ ስድሳ ብልቃጥ፣ ቁጥር የተለጠፈባቸው፣
አንዱ ቃል ቋጥሯል ይባላል፤ የቀሩት ዲዳ ናቸው።

ሁለት ሺህ የቪንቹካ ራስ ቀነጠስኩ በወረንጦ፣
ደቀቀ፣ ተጣራ፣ ወረደ በመስታወት አምድ ቀልጦ፤
ከዚያ ሁሉ ጭንቅላት፣ ከዚያ ሁሉ ድካም የተረፈው
አንድ ማንኪያ የማይሞላ፣ መልክ የሌለው ውኃ ነው።

«ምን ፍለጋ ነው ሌሊቱን?» ትላለች እህቴ በስልክ።
«ትኋን ከራሷ ወደ ሆዷ ምን ብላ ቃል እንደምትልክ።»
ትስቃለች። ትሳቅ።
እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

ሥራዬ ይኸው ነው፦ ከጸጉር የቀጠነ የሽንት ቱቦ ነቅዬ፣
በዘይት ሥር ባለች የጨው ውኃ ጠብታ አስተኝቼ፣ አባብዬ፣
ጫፉን በመርፌ ላይ ጠምጥሜ፣ ከብልቃጡ ቅንጣት ጨምሬ፣
መጠበቅ። ማየት። መጠበቅ። ደቂቃ ቆጥሬ፣ ደግሞ ቆጥሬ።
ዲግሪ የለኝም፤ ያለኝ እጅ ነው፣
ከእናቴ እግር ሥር ተቀምጦ ዳንቴል የተማረ እጅ ነው።

አንድ፦ ዝም። ሁለት፦ ዝም። ዘጠኝ፦ ዝም። አሥራ ሰባት፦ ዝም።
ሃያ ሦስት ላይ ያበራ መሰለኝ፤ አቧራ ነው፣ ሌላ አይደለም።
ጠብ የሚል ነገር የለም።

ሠላሳን ሳልፍ አባቴ መጣብኝ።

ሩዴሲንዶ፣ ከሰል አክሳዩ። ቤቱ ከጨው ሜዳው ዳር፣
ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ሣር።
የቪንቹካ ስም በዱሮዎቹ ቋንቋ «ራሷን ጣይ» ነው ይላሉ፤
ከሣሩ ራሷን ጣለች፣ ሻማው ጠፍቶ፣ ሰዎቹ ተኝተው ሳሉ።
ከጉንጩ ጠጣች፣ ሳትቸኩል፣ እሱም ሳይነቃ፣
የክብደቷን ስምንት እጥፍ፣ ቆዳዋ ተወጥሮ እስኪል በቃ።
ያን ሁሉ ተሸክሞ መሸሽ የለም። ያኔ ነው ቃሉ የወጣው፣
ከጭንቅላቷ ወደ ታች፦ «ደሙን ያዢ፤ ውኃውን ጣዪው።»

ጣለችው። እዚያው ጉንጩ ላይ።
ጠብታዋ ውስጥ ባለ ጅራት እንግዳ ነበር፣ በዓይን የማይታይ።
አባቴ በእንቅልፍ ልቡ አከከው።

ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ያ ልብ አበጠ።
ልቡ አበጠ ይባላል፣ በሰው ላይ ለተኮፈሰ፣ ላላገጠ፤
አባቴ ግን ለጉንዳን መንገድ የሚለቅ ሰው ነበር።
ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ፣
«ይኸው፣ ዱባ አክሏል» አለ።
እናቴ ከዚያ ወዲህ ዱባ ቆርጣ አታውቅም።

አርባ አንድ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።
የቱቦው ጫፍ ላይ ብርሃን ተቋጠረ፤ መጀመሪያ ነጥብ፣
ከነጥብ ሰናፍጭ፣ ከሰናፍጭ ምስር፣ ከዚያ
ጠብ አለ።

ስፋቱን ለካሁ። ደገምኩ። በሌላ ቱቦ ሠለስኩ።
እጄ ጸንቶ ነበር፤ ዓይኔን ነው ያልቻልኩ።
ዶክተር ኢርማን ቀስቅሼ ስነግራት በስልኩ ውስጥ ጮኸች፣
«የቃሉን ዶቃዎች አንድ በአንድ ከክሩ እንፈታለን!» አለች፣
«ማፈን ይቻላል፤ ያለጊዜው ማስጮህም ይቻላል፤ ያን ጊዜ
ወይ ውኃዋን ይዛ ትፈነዳለች፣ ወይ ደርቃ ትቀራለች።»
እሺ እያልኩ ነበር። ግማሹን አልሰማሁም።

መዝገቡ ላይ «አርባ አንድ፦ አዎ» ብዬ ጻፍኩ።
ይኸው ነው እንግዲህ፣ በዚያች ሌሊት ቤታችን ውስጥ የተነገረው፣
ስድስት ነፍስ ተኝተን፣ ማናችንም ያልሰማነው።
አባቴ፣ እኔ ሰማሁት። ዘግይቼ።
ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀዳሁ፤
ቆሜ ጠጣሁ፣ ግማሹን ትቼ።